ጉሙ ሳይቀድማችሁ፦ ጣርማበርን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያ ጊዜ ጣርማበር የሄድኩት እናቴን ይዤ ነው። "ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመሽ ቆላውን ሁሉ ቁልቁል ታዪዋለሽ" ብዬ ለምኜ ነው ያወጣኋት። ከአዲስ አበባ የተነሳነው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያውም ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ተረጋግተን። ሰንዳፋ ላይ ማኪያቶ አልን። ሸኖ ላይ እናቴ ቅቤ ካልገዛሁ አለች። ደብረ ብርሃን ላይ ጥብስ አዘዝን፣ ጥብሱ ቆየ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከፊታችን ያለው ነገር ደግሞ ነጭ ብቻ ነው። ገደል የለ፣ ቆላ የለ፣ የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ በግድ ነው የሚታየው። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ትንሽ ቆመችና "ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ጉም ለማየት ነው? እሱማ እንጦጦም አለ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ እሷንም ክሼያታለሁ። አሁን ቀኑን የምቆርጠው ከጉሙ ተነስቼ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ጫፍ መገኘት አለባችሁ። ቁርሱም፣ ቅቤውም፣ ታሪኩም፣ ፎቶውም ከዚህ ሰዓት ጋር ካልተጣጣመ ይቅር፣ በመልስ ይደረሳል።

ለምን ብትሉ፣ ጣርማበር ማለት የደጋው ሜዳ በድንገት የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ለጥ ያለ የገብስ ማሳ እያያችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ መሬቱ ተቆርጦ ይወድቃል። እናንተ የቆማችሁበት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ታች ያለው ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። ጠዋት ቆላው ገና አልሞቀም፣ አየሩም ረጋ ያለ ነው። ፀሐይ ጠንከር ስትል የቆላው አየር ይሞቅና እርጥበቱን ይዞ ገደሉን ገደሉን ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። አፋፉ ጋ ሲደርስ ጉም ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይደፋል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አይመጣም፣ ግን ከቀትር በኋላ በእሱ ላይ መወራረድ ሞኝነት ነው።

መቼ ይሻላል

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቆላው ሩቅ ድረስ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። "እኔ ብርድ አይነካኝም" የሚል ሰው አብሯችሁ ካለ ለእሱም ጃኬት ያዙለት። መስከረም በጣም ያምራል፣ አደይ አበባው፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም። ዝናቡ ግን ገና ሙልጭ ብሎ ስላልወጣ ቁማር ነው። ሐምሌና ነሐሴ በጭራሽ። ገደሉን አታዩም፣ መንገዱም ያዳልጣል፣ አንዳንዴ ናዳ ይኖራል።

አንኮበር ወይስ ጣርማበር? ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይላል፣ እኔም አንዴ ሞክሬዋለሁ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልሱ 80። ጣርማበርና ደብረ ሲና ደግሞ በሌላ አቅጣጫ። ሁለቱን ስትደምሩ ቀኑን ሙሉ መቀመጫ ላይ ናችሁ፣ ያያችሁትም በመስኮት ያለፈውን ነው። አንኮበር የራሱ ቀን ይገባዋል፦ ከአዲስ አበባ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ኮረብታው ላይ አለ፣ ወደዚያም በእግር መውጣት አለ። ለታሪክ ከሆነ አንኮበር። ለገደል፣ ለጭላዳ ዝንጀሮ፣ አስፋልቱ ለሚያልፍበት ዋሻና ለቆሎ ከሆነ ጣርማበር። ይሄ ጽሑፍ የጣርማበሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ስልክ

ያለንበት ጊዜ የታወቀ ነው። መንገዱ ሰላም የሚሆንበት ሳምንት አለ፣ የሚዘጋበትም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ማታ ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም ያለ ሰው ጠይቁ። ዘመድ ከሌላችሁ ከላምበረት የሚነሱ የአውቶቡስ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ትናንት ያለፉበት መንገድ ነው። "እስከ ደብረ ብርሃን ደህና ነው፣ ከዚያ በኋላ እንጃ" ካሏችሁ እስከ ደብረ ብርሃን ሂዱና ተመለሱ፣ ወይም ሌላ ቅዳሜ ይሁን። መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ፣ ኬላ ላይ ትጠየቃላችሁ። ወታደር፣ ኬላና ድልድይ አካባቢ ስልካችሁን ለፎቶ አታውጡ። ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ይረሱታል።

መኪናዋ

ለዚህ መንገድ ላንድ ክሩዘር አያስፈልግም። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ደህና ቪትዝም ትሄዳለች። ዋናው ፍሬን ነው። የፍሬን ሸራው ካለቀ ወይም ስትረግጡት የሚያንቋርር ከሆነ ወደዚህ አትምጡ። ከዚያ ጎማ። ስኮርታውን አውጥታችሁ ንፋሱን እዩ፤ ስንቱ ሰው ነው ስኮርታ አለኝ ብሎ መንገድ ላይ ሲያወጣው ተንፍሶ የሚያገኘው። ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖራቸውን አረጋግጡ። የራዲያተር ውኃ ሙሉ፣ አምስት ሊትር ደግሞ በጀሪካን።

ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ፣ ከዋዜማው። ጠዋት ሠልፍ ልሰለፍ ያለ ሰው ጉሙን ተሰልፎ ይቀበለዋል። መንገድ ላይ ብትቀዱ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ ሂሳባችሁ ላይ ገንዘብ ይኑር። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ደብረ ሲና ደርሶ መልስ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገትና ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ደብረ ብርሃን ላይ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ከቤት ሳትወጡ ካላወቃችሁ የጓደኛ መኪና ለምኑ።

መኪና የሌለው ሰው በአውቶቡስ መሄድ ይችላል፣ ግን በአንድ ቀን አይሆንም። አውቶቡስ አፋፉ ላይ "ትንሽ ልይ" ብትሉት አይጠብቃችሁም። ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ጠዋት ከዚያ መኪና ተኮናተሩ። አምስት ሆናችሁ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ብትከራዩ ለየብቻው ሲካፈል ያን ያህል አይደለም። ስትዋዋሉ ግን "ደብረ ሲና ደርሶ መልስ፣ መቆሚያዎችን ጨምሮ" በሉ። "ደብረ ብርሃን" ብላችሁ ተዋውላችሁ መንገድ ላይ "ትንሽ እለፍልን" ካላችሁ ጭቅጭቁ ከጥብሱ ይረዝማል።

መነሻ 11 ሰዓት፣ ሌሊት

አዎ፣ 11። አውቃለሁ። ግን በኮተቤ በኩል ለገጣፎን ሳይጨናነቅ ማለፍ የሚቻለው ያኔ ነው። ከተማ ውስጥ ያለውን ክፍል በጨለማ ጨርሳችሁ ለገዳዲ አካባቢ ሲነጋላችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ናት፣ የምትነዱት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ። መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ከዋዜማው ጥረጉት፤ ጠዋት ላይ አቧራ ያለበት መስታወት ከጉም አይሻልም። በዚያ ሰዓት ደግሞ መንገዱ የገበሬ ነው፦ በግ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ጋቢ ተከናንቦ ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። 80 በቂ ነው።

ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን ዝም ብላችሁ እለፉ። ሸኖ የቅቤ አገር ነው፣ ስሙ በታሸገው ለጋ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። አውቃለሁ ትፈተናላችሁ። ቅቤ ግን በጠዋት ተገዝቶ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ መቅለጥ የለበትም፤ በመልስ ግዙ። ጫጫ ስትደርሱ በስተጎን ያለው አንጎለላ ነው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ነሐሴ ላይ የተወለዱበት። ልጆች ካሉ መኪና ውስጥ ይነገራቸው፣ መውረድ አያስፈልግም።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ከተነሳችሁበት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት። 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች መኪና ስትከፍቱ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። እዚህ አርባ ደቂቃ ብቻ ስጡ። ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ፍርፍር ብሉ፣ መጸዳጃ ቤት ግቡ። በተለይ መጸዳጃውን አታሳልፉ፣ ከዚህ በኋላ ደህና የምትሉት አታገኙም። ሶፍት ከቤት ያዙ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጥብስ ፍለጋ አትዙሩ፣ በየዓይነቱ ብሉና ቀጥሉ።

ሻይ እየጠጣችሁ የከተማዋን ስም አውሩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ጎንደር ካለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር ግን እንዳታምታቱት፣ አንድ ጓደኛዬ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት እዚህ ሲፈልግ ውሎ ሊገባ ነበር።

አፋፉ

ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው መንገድ ለኔ የቀኑ ግማሽ ነው። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፣ አጥሩ ድንጋይ፣ ማሳው ገብስ፣ ዛፉ ባሕር ዛፍ። ፈረስ የሚጋልብ ሽማግሌ ይገጥማችኋል። ጣርማበር ስትቃረቡ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ የመንዝ ነው፣ መሐል ሜዳና ጓሳ የሚወስደው። ጓሳ ድንቅ ነው ግን ለአንድ ቀን አይሆንም፣ ዛሬ አትፈተኑ።

ዋናውን የገደል እይታ የአካባቢው ሰው የምኒልክ መስኮት ይለዋል። ከዋናው አስፋልት ወጣ ያለ ስለሆነ ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። የሚመራችሁ ልጅ ካገኛችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ እዚያ አፋፍ ላይ ኔትወርክ አለ የለም እያላችሁ ቴሌብር ከምትሞክሩ።

መስኮት የተባለው ለምን እንደሆነ ስትደርሱ ይገባችኋል። ሜዳው ላይ ትሄዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ እግራችሁ ሥር ምንም የለም። ታች እርከን የተሠራባቸው ተራሮች፣ ከእነሱ ታች ደግሞ ሌሎች ተራሮች፣ ከዚያ ጭጋግ የለበሰ ቆላ። በቀኝ በኩል፣ ወደ አንኮበር አቅጣጫ፣ ገደሉን ተለጥፎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የወፍ ዋሻ ደን ነው፤ ጽድና ዝግባ ያለበት፣ ከጥንት የተረፈ ደን።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። ከያዛችሁት ውኃ በስተኋላችሁ ትንሽ አፍስሱ፣ በስተፊታችሁም ትንሽ። ይሄ ሸንተረር የውኃ መለያ ነው። በስተኋላ፣ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ዝናብ እነ በሬሳ ወንዝን ይዞ ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ሜዲትራንያን ድረስ ይሄዳል። በስተፊት የወደቀው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ልጆች ይሄን አይረሱትም። የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ "ያኛው ውኃዬ ግብፅ ደረሰ?" ይላል።

ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ጅብና ነብር እንዳያገኛቸው። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ላይ ይወጡና ሜዳው ላይ ሣር ሲበሉ ይውላሉ። ጠዋት የምትሄዱበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው፣ አፋፉ አጠገብ ብዙ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ ጎመን የሚለቅሙ ሴቶች ይመስላሉ። ወንዱ ጎፈሩ አንበሳ ያሰኘዋል፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሉም። አጠገባቸው ቁጭ ብትሉ ብዙም አይጨነቁም፤ ግን ሙዝ፣ ዳቦ፣ ብስኩት አትስጡ። አንዴ ከለመዱ የገበሬውን ማሳና የመንገደኛውን ቦርሳ ይወርራሉ፣ ከዚያ ዱላውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ሳቅ አይደለም፣ ወደ ኋላ በሉ።

ሰማዩንም እዩ። ጥንብ አንሣ ክንፏን ሳታንቀሳቅስ ከእናንተ በታች ስትንሳፈፍ ማየት፣ ወፍን ከላይ ወደ ታች ማየት፣ እዚህ ነው የሚገኘው። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥላ ሰብራ የምትበላዋም ዝርያ በእነዚህ ገደሎች አለች፤ እኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያየኋት።

ጠርዙ ላይ ጥንቃቄ። አጥር የለም። ሣሩ ጠዋት ጤዛ ስላለበት ያንሸራትታል። ሁለት ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ እይታው ያው ነው፣ ፎቶውም ያው ነው። ልጅ ያለው ሰው እጁን ይያዝ፣ ሰልፊ የሚያነሳ ወደ ኋላው አይራመድ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዚያው ሳምንት የመጣ ሰው ካለ ቶሎ ቶሎ አታስሮጡት፤ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ራስ ያሳምማል። ውኃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ። ካልተሻለው መውረድ ነው፣ ደብረ ሲና ዝቅ ስለምትል እዚያ ይቀለዋል።

ሁለት ሰዓት ስጡት። ቡና በፔርሙዝ ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መጠጫ ቦታ የለም። ኩባያውንና ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ እባካችሁ።

ዋሻውና ቁልቁለቱ

ወደ አስፋልቱ ተመልሳችሁ ስትቀጥሉ ዋሻው ይመጣል። ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው ዓመታት ተራራውን ፈልፍሎ ያሠራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር፦ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ አጭሩን መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ። መነጽሩን ረስተው የገቡ ሰዎች ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ይሆናሉ፣ በዚያች ሰከንድ ደግሞ ውስጥ ሰው አለ፣ በግ አለ፣ ፊት ለፊት የጫነ ሲኖትራክ አለ። ውስጥ አትቅደሙ፣ አትቁሙ። ፎቶ የፈለገ ከመግቢያው ውጭ፣ መኪናውን ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ያንሳ።

ከዋሻው ስትወጡ ሌላ አገር ነው። በአንድ በኩል ደጋ፣ በሌላ በኩል ቁልቁለት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሾፌሮች የሚሉት ሕግ አለ፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዘው። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ኤል ወይም ወደ ሁለት አውርዱት። ባዶ ማርሽ ላይ ጥሎ መልቀቅ፣ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉት፣ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ምክሩን አትስሙ። ፍሬኑን ቆንጠር አድርጎ መልቀቅ፣ እንደገና ቆንጠር። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ፍሬኑ ነው፤ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ዳር ያዙ፣ ሃያ ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ጎማው ላይ ውኃ አታፍስሱ።

ጠመዝማዛው ላይ ክላክስ አድርጉ። ከታች ጭኖ የሚመጣ መኪና ካለ ቅድሚያ ስጡት፣ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መነሳት ይቸግረዋል። ጉም ከመጣባችሁ ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። አጭሩን አድርጉ፣ የመንገዱን ጠርዝ መስመር ተከተሉ። ጭራሽ ካልታየ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ፍሬቻዎቹን አብሩ። አስፋልቱ ላይ ቆሞ "ትንሽ እስኪገለጥ" የሚባል ነገር የለም፣ ከኋላ የሚመጣው አያያችሁም።

ደብረ ሲና

ስድስት ሰዓት ላይ ደብረ ሲና ትደርሳላችሁ። ምሳ እዚህ። ብርዱ ለቀቅ ይላል፣ ጃኬት ይወልቃል። ምግብ ቤት ስትመርጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች የቆሙበትን እዩ፤ ሁሌም ለኔ ሠርቷል። ሾፌሩ ግን አንድ ቢራ እንኳ አይጠጣም። አረቄም። የአካባቢው አረቄ ስሙን ያተረፈ ነው፣ የፈለገ ገዝቶ ቤቱ ይጠጣ።

ከዚያ ቆሎ። ደብረ ሲና ሄዶ ቆሎ ሳይገዛ የተመለሰ ሰው ደብረ ሲና መድረሱን ማስረጃ የለውም። መኪና ገና ሳይቆም ልጆች ከበው በመስኮት ያቀርቡላችኋል። መጀመሪያ ከቀረበው አትግዙ። ውረዱ፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ቅመሱ። ጥሩው ገብሱ ተፈትጎ ገለባው የለቀቀ ነው፣ ሲታኘክ ከሽ ብሎ ይፈርሳል፣ ጥርስ አይታገልም። ትናንት የተቆላ ከሆነ እርጥበት ይዞ ይለሰልሳል፣ ዛሬ የተቆላውን ሽታው ይነግራችኋል። ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ያጓጓል ግን ቶሎ ሽታው ይለወጣል፣ ለስጦታ ከሆነ ንጹሑን ገብስ ውሰዱ። እናቴ አንዷን ሻጭ "የኔ ልጅ፣ ይሄ መቼ ተቆላ?" ብትላት ልጅቱ "እማማ፣ እጅዎን ይስደዱበት፣ ገና ትኩስ ነው" አለቻት። እጇን ከተተች፣ እውነትም ይሞቃል። ሦስት ጣሳ ገዛን። ዋጋ መከራከር ይቻላል፣ ግን ለአምስት ብር ግማሽ ሰዓት አትጨቃጨቁ፣ ሰዓቱ ከብሩ በላይ ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ በታች ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ያምራችኋል፣ ሙቀቱ እየጠራ ነው። የወረዳችሁትን ሁሉ ትወጡታላችሁ። ተዉት።

መልስ

ሰባት ተኩል ላይ ጉዞ ጀምሩ፣ ስምንት ሰዓት ካለፈ ዘግይታችኋል። አሁን ዳገት ነው፣ የሙቀት መለኪያዋን እያያችሁ። መርፌዋ ወደ ቀይ ከሄደች ኤሲ አጥፉ፣ ዳር ይዛችሁ አቀዝቅዙ፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ፣ ፊት ይጠብሳል። ዋሻው አካባቢ ጉሙ ወጥቶ ይሆናል። ያኔ ጠዋት መድረሳችሁን ታመሰግናላችሁ፤ ከእናንተ በኋላ የመጡት ቆመው ነጩን ሲያዩ ታገኟቸዋላችሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ቡና ጠጡ፣ ሾፌሩ ተጋድሞ ሃያ ደቂቃ ዓይኑን ይክደን። ብርድ ልብስ መግዛት ለምትፈልጉ ጊዜው ይሄ ነው። የፋብሪካው አለ፣ ከመንዝ በግ ሱፍ የሚሠራው ባናም አለ። ባናው ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይ ይኮሰኩሳል፣ ግን ክረምት ላይ ሌላ ነገር አትፈልጉም። ከመግዛታችሁ በፊት ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ሽመናው የሳሳበት ካለ ይታያል።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከደብረ ብርሃን ውጡ። ጠዋት ፊት ለፊት የነበረችው ፀሐይ አሁንም ፊት ለፊት ናት፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምትነዱ። የመኪናውን የፀሐይ መከላከያ አውርዱ፣ መስታወቱን እንደገና ጥረጉ። ሸኖ ላይ ቅቤውን ግዙ፣ በድርብ ፌስታል አስሩና ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አድርጉት። ከብቶች ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ስለሆነ እየቀነሳችሁ። ሲመሽ ለገጣፎ አካባቢ ካላችሁ ሂሳቡ ሠርቷል፣ የቀረው የከተማ መጨናነቅ ነው፣ እሱን ደግሞ ለምዳችሁታል።

ቆሎውን ፌስታል ውስጥ አትተዉት፣ በማግስቱ ይለሰልሳል። ቤት እንደገባችሁ ክዳን ባለው ጣሳ ወይም ማሰሮ ገልብጡት። የገዛነው ሦስት ጣሳ ነበር አይደል? እኛ ቤት የደረሰው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ሰንዳፋን አላለፉም።